የዝናብያ ድንበር

ውድ ትሁት፣ የዝናብያ ፕሬዚዳንት፣ የሃያ ሦስቱ ቀበሌዎች የበላይ ጠባቂ፣

ማዕረግሽን ስታነቢ ፈገግ እንደምትዪ አውቃለሁ። በይ አሁኑኑ ፈገግ ብለሽ ጨርሺ፤ ወደ ታች ስትወርጂ አይበረክትልሽም። የቴፒ ሙቀት እንዴት ያደርግሻል፣ ችግኞችሽ እንዴት ናቸው እያልኩ ገጽ አልሞላም። ትናንት በስልክ ተጠያይቀናል። ደህና ነኝ አልሽኝ፣ እኔም ደህና ነኝ አልኩሽ። እኔ ግን ዋሽቼሻለሁ።

ለምን ያኔውኑ አልነገርሽኝም ትዪ ይሆናል። ታውቂኛለሽ፣ ስልክ ላይ ምላሴ ወደ ተረብ ነው የሚሮጠው። ቁም ነገር ልጀምር ስል አንድ ቀልድ ይቀድመኛል፣ ስንስቅ ስንስቅ ካርዱ ያልቃል። ደግሞም የምነግርሽን ሰምተሽ ጆሮዬ ላይ ብትዘጊው አልፈርድብሽም፤ ደብዳቤ ግን ብትወረውሪውም ተመልሰሽ ታነሺዋለሽ። ስለዚህ ይኸው ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላኝ የኅብረተሰብ መምህርት ከደብተር መሀል ወረቀት ገንጥዬ ቁጭ ብያለሁ። ነገ ጠዋት የቴፒ ሚኒባስ ሾፌር ይዞልሽ ይመጣል።

ዝናብያን መቼም አልረሳሻትም። ሦስተኛ ክፍል ነበርን። አባትሽ ጋሼ አስረስ ሳሎናችሁ ግድግዳ ላይ ያንን ጫፉ የተበላ ካርታ ሰቅሎ ነበር። ካርታው ላይ እኛ ገና ከፋ ክፍለ ሀገር ነን፤ ውጭ ግን ቤንች ማጂ ዞን ከሆንን ቆይተናል። አንቺ "አባዬ፣ የቱ ነው ልክ?" ብለሽ ስትጠይቂው ከት ብሎ ሳቀ። "እኔ ምኑን አውቄ! ከዚህች ወንበር ሳልነሳ አድራሻዬ ስንቴ ተቀየረ። ሌላው ሰው አገር ጥሎ ይሄዳል፣ እኔን አገሩ ነው ቤቴ ድረስ እየመጣ የሚለወጥብኝ" አለ። እኔ ደግሞ፣ መቼም አፌ አያርፍ፣ "ማነው የሚከፋፍለው?" አልኩት። "ሰው ነዋ!" "እኛስ መከፋፈል እንችላለን?" "ደብተርና እርሳስ ያለው ሁሉ ይችላል። የሚከብደው ከከፈሉት በኋላ አብሮ መኖሩ ነው" አለና ባለ ሃምሳ ገጽ ደብተር ሰጠን። እሱ ቀልዱን ነበር። እኛ የምራችንን ያዝነው።

ዝናብ ከዓመት ዓመት ስለማይለየን አገራችንን ዝናብያ አልናት። ከእኛ ሱቅ በረንዳ ተነስታ ሁለቱን ጓሮ አቋርጣ እናንተ ዶሮ ቤት ድረስ ትሄዳለች። የእኛ ወገን በረንዳ ክፍለ ሀገር ነው፤ ዋና ከተማው የጨው ጆንያ የሚደረደርበት ጥግ ነበር። የእናንተ ወገን ቡና ክፍለ ሀገር። ሃያ ሦስት እግር ቡና ነበራችሁ፣ እያንዳንዱ እግር አንድ ቀበሌ ሆነ፣ ለሃያ ሦስቱም ሊቀ መንበር ሾምን። አሥራ ሰባተኛው ፍሬ አልሰጥ ብሎ ከሥልጣን ማውረዳችን ትዝ ይልሻል? ውሃ የሚወርድበት ቦይ ራሱን የቻለ ወረዳ ነበር፣ ክረምት ሲገባ ሕዝቡ በሙሉ እንቁራሪት ይሆናል። ዶሮ ቤት አውራጃ ግን አስቸገረን። እናትሽ ዶሮዎቿን አሥር ያደረሰች ቀን አንቺ በዶሮዎቹ ስም "ሕዝባችን ስለበዛ ክፍለ ሀገር እንሁን" የሚል ማመልከቻ ጽፈሽ አመጣሽ። ውድቅ አደረግሁትና ሦስት ቀን ተኳረፍን። አዲሱ ክልላችን የተመሠረተ ዕለት ሰዉ አደባባይ ወጥቶ ሲጨፍር እኔ መሀሉ ቆሜ አንቺንና እነዚያን ዶሮዎች አስብ ነበር። ሳያዩት አለፉ ምስኪኖች።

ማህተማችንን ከአባቴ ከአባቦራ አሮጌ ሸበጥ ላይ በምላጭ ቀረጽን፣ ቀለሙ የቀይ ሥር ውሃ ነበር። ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው ለመሻገር ማህተም ያረፈበት የይለፍ ወረቀት ግዴታ ነው። አንድ ቀን እናትሽ እትዬ አጸደ ጨው ልትወስድ ወደ እኛ ስትመጣ በረንዳው ላይ ክንዴን ዘርግቼ "የይለፍ ወረቀትሽን አሳዪ" አልኳት። ወይ ጉዴ! ያን የሚያህል ሰው! ሌላዋ ብትሆን በጥፊ ታጮለኝ ነበር። እሷ ግን "ውይ ረስቼው! ይቅርታ አስተዳዳሪዋ" አለችና ተመልሳ ሄዳ፣ አንቺን አስጽፋ፣ ማህተም አስመትታ መጣች። ወረቀቱን አገላብጬ አይቼ ነው ያሳለፍኳት። እናትሽ እንደዚህ ያለች ሰው ናት። ይህን እንድታስታውሺልኝ ነው የጻፍኩት፣ ለሳቅ ብቻ አይደለም።

የሁለታችን ዋና ከተማ አቮካዶዋ ነበረች። ዛፏ እናንተ ግቢ ውስጥ ነበረች፣ ድንበሩ አጠገብ። ፍሬዋን ሁለቱም ቤት ይበላዋል፣ የማን ናት ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያዋ ጠያቂ አንቺ ነሽ እህቴ።

እንዲህ ነው የሆነው። በዘጠና ሁለት ሰኔ የድሮውን አጥር ምስጥ ጨረሰውና አባቴና አባትሽ አዲስ የድንበር እንጨት ተከሉ፤ ያንን ቅጠሉ የበቆሎ የሚመስለውን። የገመዱን አንዱን ጫፍ አባዬ ያዘ፣ አንዱን ጋሼ ያዘ፣ እናቶቻችን ቆመው ያያሉ። አሥራ አራት እንጨት ነበር። ሲጨርሱ ጋሼ ወደ እኛ ዞሮ "ልጆች፣ ድንበር ሁለቱም ወገን እያየ ነው የሚተከለው። አንዱ በሌለበት የተተከለ ድንበር አይባልም" አለን። አንቺ ፈጥነሽ ደብተሩ ላይ ጻፍሽው፤ የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ አምስት ሆነ። በማግስቱ አዲሱን ካርታ ደብተሩ ላይ ሳልን። አቮካዶዋን ከመስመሩ ወደ ቡና ክፍለ ሀገር በኩል፣ ልክ እንዳለችው። ጋሼ በቀይ እስክሪብቶ አርሞ "ድንበሩ ትክክል ነው። ሰሜን የት እንደሆነ ስላላሳያችሁ 9/10" ብሎ ፈረመበት።

አንቺ ካርታውን አየሽና ደረትሽን ነፍተሽ "እንግዲህ ዋና ከተማዋ የኔ ናት፣ አባዬም ፈርሟል" አልሽ። እኔ የጋራ ናት አልኩ። ድምፅ እንስጥ ተባባልንና አንድ ለአንድ ወጣን። ከዚያ ወዲያ ጭቅጭቅ ብቻ ሆነ። በሐምሌ መጀመሪያ አባትሽ ጉበቱን ታሞ አክስትሽ ዘንድ ማሻ ለጸበል ሲወስዱት ኩርፊያችን ገና አልበረደም ነበር። አንቺም ማህተሙን ኪስሽ ከተሽ ሄድሽ። መኪናው ሲነሳ በመስኮት አሳየሽኝ፣ ምላስሽንም አወጣሽብኝ።

አሁን የምጽፈውን እስካለፈው ዓርብ ድረስ ለሰው ተናግሬው አላውቅም።

አባዬ ያን ሰሞን ዕቃ ሊያመጣ ጅማ ሄዶ ነበር፣ እናቴ ሱቁን ይዛለች። ዝናቡ አላባራ ብሎ መሬቱ ገንፎ ሆኗል። እኔ ቤት ውስጥ ተዘግቼ በንዴት ልፈነዳ ደርሻለሁ። "ማህተሙን ከወሰደች እኔ መሬቱን እወስዳለሁ" አልኩ። ወጣሁና የድንበሩን እንጨት አንድ በአንድ ነቀልኩት። ከተተከለ ወር ስላልሞላው እንደ ካሮት ነው የወጣልኝ። ሦስት ትልልቅ እርምጃ ወደ እናንተ ግቢ ተራምጄ አሥራ አራቱንም በመስመር መልሼ ተከልኳቸው። ጎበዝ ስለነበርኩ ገመድም ወጥሬያለሁ። አቮካዶዋ በረንዳ ክፍለ ሀገር ገባች። አንቺ ስትመለሺ የምታሳዪውን ፊት እያሰብኩ ብቻዬን ስስቅ ነበር። ትጮሂያለሽ፣ እኔ እስቃለሁ፣ ማህተሙን ትሰጪኛለሽ፣ መልሰን አብረን እንተክለዋለን። ያሰብኩት ይህንን ነበር ትሁት። ወላሂ ከዚህ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን የመጣው መርዶ ነው። ጋሼ አስረስ ማሻ ላይ አረፈ፣ እዚያው ተቀበረ። ዝናቡ መንገድ ዘግቶበት የቆየው አባዬ ከጅማ ሲገባ ሰማና ዕቃውን ከመኪና ሳያወርድ ለቅሶ ገሰገሰ። እናንተ ከአርባው በኋላ፣ መስከረም ላይ፣ ጥቁር ለብሳችሁ ተመለሳችሁ። ሮጬ መጥቼ በርሽ ላይ ቆምኩ። አየሽኝና ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዞርሽ። ስለ ዝናብያ እንዴት አድርጌ አፌን ልክፈት?

በዚያው ሳምንት ልመልሰው ሄጄ ነበር። አረሙ ወገቤ ደርሷል። የመጀመሪያውን እንጨት በሁለት እጄ ጎተትኩት፣ ወይ ፍንክች! ሥር ይዞ፣ ቅጠል አውጥቶ ቆሟል። አንቺ የችግኝ ሰው ነሽ፣ የእኛ አገር አፈር ምን እንደሆነ አልነግርሽም፤ መጥረጊያ እንጨት ብትሰኪበት ይበቅላል። ሁለተኛውን ሞከርኩ፣ እሱም እንዲሁ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ትልቅ ሰው ልጥራ ብል "ድንበር ገፊ" ሊሉኝ ነው። ያ ስም በእኛ ሰፈር ከሌባ እንደሚብስ ታውቂያለሽ። ዝም አልኩ። አባዬም አንድ ቀን ወጥቶ አጥሩን ሲያይ አየሁት፤ በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረ። አሥራ አራት ሆነለት። ሙሉ ነው ብሎ ገባ፤ ዛፏን የማን ናት ብሎ አስቦ ስለማያውቅ ልብ አላላትም።

ከዚያ በኋላ ያለውን አብረን ነው የኖርነው። አንቺም ያደግሽው ያንኑ የተሳሳተ አጥር እያየሽ ነው። ዛፏን ታስታውሻለሽ፣ በየት በኩል እንደነበረች ግን ከዚያ ክረምት ጋር አብሮ ከራስሽ ወጥቷል፤ ይህ ጥፋትሽ አይደለም። አንቺ ዩኒቨርሲቲ እያለሽ አባዬ አቮካዶዋን አስቆርጦ በቦታዋ ላይ ሦስቱን ክፍሎች ሠራ። የተቆረጠች ዕለት እትዬ አጸደ በራችሁ ላይ ቆማ እንባዋን ስታብስ አይቻለሁ። "ምነው?" ስላት "አስረስን አስታወሰችኝ" ብቻ አለችኝ። እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ሴት፣ ዲፕሎማ የያዝኩ መምህርት፣ አሁን ልናገር አልኩና ነገ እላለሁ ብዬ ገባሁ። ነገ ሲባል ይኸው አሥራ ሦስት ዓመት ሆነ።

የየካቲቱን ቀን ላስታውስሽ አልፈልግም ነበር፤ ግን አንቺ ያላየሽው ነገር አለበት።

ይዞታ ሊመዘግቡ የመጡት የልኬት ባለሙያዎች "በዚህ ድንበር ሁለታችሁም ትስማማላችሁ?" ብለው ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፣ አንቺ ከቴፒ ለዚሁ መጥተሻል። እትዬ አጸደ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳችና "እዚህ መሀል ላይ የነበረው ዛፍ የእኛ ነበር። ከማሻ ስመለስ አጥሩ ዛፉን አልፎ አገኘሁት። ባሌ ከመታመሙ በፊት ከአባቦራ ጋር ተነጋግሮ ይሆናል ብዬ፣ እሱን ካጣሁ ወዲያ በመሬት ከጎረቤት አልጣላም ብዬ ዝም አልኩ። አሁንም ክርክር አልፈልግም። አባቦራ፣ አስረስ ሰጥቶህ ከሆነ ሰጠኝ በለኝና ይሁንልህ፣ እፈርማለሁ" አለች። መሬቱን እኮ አልጠየቀችም! አንዲት ቃል ነው የጠየቀችው።

አባቴ ደግሞ የማይዋሽ ሰው ነው። "አልሰጠኝም እትዬ አጸደ። እኔም አልወሰድኩም። ይህ አጥር ከአስረስ ጋር ገመድ ይዘን የተከልነው ነው። አሥራ አራት እንጨት፣ አንዱም አልተነካ፣ ወላሂ" ብሎ ማለ። የልኬቱ ልጅ "የምን ዛፍ ነው?" ብሎ ዙሪያውን አየ። ዛፍ የለም፣ ጉቶም የለም፣ ክፍሎቹ ላዩ ላይ ተቀምጠዋል። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ "ዕድሜ ነው" ሲል ሰምቻለሁ። በዚያ ሰሞን እትዬ ድስት እሳት ላይ ረስታ ስላሳረረች አንቺም መጠራጠር ጀምረሽ ነበር።

ያኔ ነው ወደ እኔ የዞረችው። "ከውሰር ልጄ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። እዚያው ሥሯ ነበር የምትውሉት። ዛፏ በየት በኩል ነበረች?" አለችኝ።

"ትዝ አይለኝም እትዬ" አልኩ።

ትሁት፣ አፌን ምነው በቆረጠው። ደብተሩ እኮ እኔ ጋ ነው! የጋሼ ፊርማ ያለበት ካርታ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ልብስ ሥር ተቀምጧል። ትዝ አይለኝም አልኳት። ፊቷ ላይ የሆነውን አንቺ ከኋላዋ ስለነበርሽ አላየሽም። አልተቆጣችም። ግራ ገባት። እኔ እንደማልዋሻት እርግጠኛ ስለሆነች ራሷን ተጠራጠረች። ከዚያ አንቺ ትከሻዋን ይዘሽ "ይቅርታ አድርጉላት፣ እማዬ አሁን አሁን ትዘነጋለች። እማዬ፣ አባቦራን ይቅርታ ጠይቂው" አልሽ። ያቺ ሴት ጎንበስ ብላ አባቴን ይቅርታ ጠየቀች። በሳምንቱ ቤቱን ቆልፈሽ ቴፒ ወሰድሻት።

ሦስት ወር ሙሉ በዚህ ተኝቼ ተነሳሁ። ሰው ክፉ ነው፣ ከምኑም ጋር ይለማመዳል፤ እኔም መልመድ ጀምሬ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ስልክ ደውለሽ ደስ ብሎሽ ምን አልሽኝ? "እማዬ አሁን ተረጋግታለች። መድኃኒቱ ሳይረዳት አልቀረም። ትናንት ራሷ 'ልክ ነሽ ልጄ፣ በእኛ በኩል ዛፍ አልነበረም' አለችኝ" አልሽኝ። ቤቱን ልትሸጪው እንዳሰብሽም ነገርሽኝ። እኔም "አልሐምዱሊላህ" አልኩና ስልኩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። በግቢዋ የነበረችውን ዛፍ አልነበረችም አስባልናት። በአእምሮዋ ምንም የሌለባትን ሴት የመርሳት በሽታ መድኃኒት እያስዋጥናት ነው። ድስት ያሳረረ ሁሉ አእምሮው ከሳተ እኔ በስንቴ አብጃለሁ።

ዓርብ አባዬ ከጁምዓ ሲመለስ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሳለ ሁሉንም ነገርኩት። ደብተሩንም እጁ ላይ አኖርኩለት። መነጽሩን አድርጎ ቀዩን ጽሑፍ ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ "ስንት እርምጃ ነው ያራቅሽው?" አለኝ።

"ሦስት።"

"የልጅ ነው የትልቅ ሰው?"

"የልጅ።"

"እርምጃው የልጅ ነው። የማልኩት መሐላ ግን የሽማግሌ ነው" አለ። አልተቆጣኝም፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ደብተሩን ዘጋና ደግሞ "አስረስ ማሻ ሲሄድ ቤቴን አደራ ብሎኝ ነው የሄደው። እኔ ቁጭ ብዬ እንጨት ቆጠርኩ" አለና አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ እናቴ ስትሞት እንኳ ፊቱን ይሸፍን ነበር። ከትናንት ጀምሮ ስለ መሐላው ሦስት ቀን ፆም ይዟል። ባታውቀው ምን ታደርግ፣ አንተ አልበደልክም ብለው ሼኩ ቢነግሩትም አልሰማቸው አለ።

ወንድሜ ሻሚልን ታውቂዋለሽ፣ የሞባይል ጥገናውን የከፈተው ከሦስቱ ክፍሎች በአንዱ ነው። ሲሰማ ጣራ ነካ። "የሁለት ሕፃን ዕቃ ዕቃ ጨዋታ ነው የኔን ቤት የሚያፈርሰው? ሴትዮዋ ራሷ ትታዋለች አይደል!" አለ። "አልተወችውም፣ እኛ ነን ያስተውናት" አልኩት። እስከ ዛሬ አያናግረኝም። አልተቀየምኩትም፤ እንጀራው ነው። አባዬ ግን ቁርጡን ነገረው፦ "ግድግዳው የእኛ ነው፣ መሬቱ የእሷ። ይፍረስም ትበል፣ ይቁምም ትበል፣ እሷ በአፏ ትናገር።"

ስለዚህ የሚሆነው እንዲህ ነው። ለአቤቱታ የተሰጠው ጊዜ እስከ ግንቦት ሠላሳ ስለሆነ አልረፈደም። የካርታውን ፎቶ ኮፒ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌ ልኬልሻለሁ፤ የአባትሽን የእጅ ጽሑፍ ሳትዘጋጂ እንዳታገኚው ቀድሜ ነገርኩሽ። ዋናው ደብተር እኔ ጋ ነው፣ ለልኬቱ ሰዎች አቀርበዋለሁ። የየካቲቶቹን ሽማግሌዎች አባዬ ራሱ ለመጪው ቅዳሜ ጠርቷቸዋል። እነዚያው ሰዎች፣ እዚያው ቦታ ተቀምጠው፣ ከእኔ አፍ ይሰማሉ። መምህርት ከውሰር ድንበር ገፊ ናት ብሎ ሰፈሩ ሲያወራ ተማሪዎቼ መስማታቸው አይቀርም። ይስሙ። ቤቱን እባክሽ እስከ ቅዳሜ ድረስ ለማንም አትሸጪ።

አንቺን ማጣት እፈራለሁ። ደጋግሜ ሰርዤው ነበር፣ ይኸው ጻፍኩት። ከማሻ ከተመለስሽ በኋላ ፊትሽን ወደ ግድግዳ ስታዞሪ የተሰማኝ ነገር እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ ዳግመኛ ብታዞሪው ግን አሁን የሚገባኝ ነው። በእኔ ላይ የፈለግሽውን አድርጊ። በራስሽ ላይ ግን አትፍረጂ። አንቺ ሰዎች ሲታዘቧት እናትሽን ልትሸፍኛት ነው ያን ያልሽው። የሚያውቅ ሰው አጠገብሽ ቆሞ ዝም ባይል ኖሮ አትዪውም ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ይህን ደብዳቤ ብቻሽን አንብበሽ አታስቀምጪው፣ ቀስ ብዬ እነግራታለሁም አትበዪ። አጠገቧ ተቀመጪና ከመጀመሪያው ጀምረሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላት። ስለ እኔ የሚያሳፍረው ቦታ ላይ ስትደርሺ አታለዝቢው፣ አትዝለዪውም። ስትጨርሺ አታጽናኛት፣ ምንም አትበያት። ዝም በዪና እሷ ትናገር። ምንም ትበል፣ ትሁት፣ የምትልሽን ሁሉ እመኛት።

የበደልኳችሁ ጎረቤታችሁ፣
ከውሰር አባቦራ
ሚዛን ተፈሪ፣ ግንቦት ፲፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.